«ጃጁ» ብለን ከመተዋችን በፊት፦ የመርሳት በሽታ መንስኤዎችና የታማሚዎች አያያዝ



ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥኩት የጥናት ርዕስ በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የሚታቀፍ አይደለም። ሥነ ሕይወትም፣ ግብረ ገብም፣ የቤት አስተዳደርም ይነካዋል። የመረጥኩበት ምክንያት ደግሞ ቅርብ ነው። በፔካ 12 ባሉት ቤቶቻችን ከድሬዳዋ፣ ከወሎ፣ ከአዲስ አበባ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ልጆቻቸው ያመጧቸው አያቶች አሉ። እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ ሠርተው ያረጁም አሉ። አባትና እናት ወደ ሥራ ሲወጡ ከእነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት ማወቅ ለተማሪው የግድ ነው።

አንድ ሽማግሌ ነገር ሲደጋግሙ፣ ሰው ሲስቱ፣ መንገድ ሲጠፋቸው በአማርኛ «ጃጁ» እንላለን። ቃሉ ክፉ ባይሆንም በር ይዘጋል። «ጃጁ» ከተባለ በኋላ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው፣ ምን ነክቷቸው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ዕድሜ ያመጣው ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህን በር መክፈት ነው። ሰውን ከራሱና ከቤተሰቡ የሚለየው መርሳት የአንጎል በሽታ እንጂ የእርጅና ወግ አይደለም። መንስኤ አለው። ከመንስኤዎቹ አንዳንዶቹ በሕክምና ይድናሉ፤ አንዳንዶቹን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል፤ የማይድኑትም ቢሆኑ በመልካም አያያዝ ይቀላሉ።

1. እርጅናና በሽታው እንዴት ይለያሉ?

ዕድሜ ሲገፋ ሁላችንም እንዘገያለን። የሰው ስም ምላሳችን ጫፍ ላይ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ይመጣልናል፤ መነጽራችንን ያኖርንበትን እንፈልጋለን። ይህ በሽታ አይደለም። የመርሳት በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ዲሜንሺያ፣ የሚባለው ግን የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገር ወይም የመወሰን ችሎታ እየቀነሰ ሄዶ ሰውየው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት ሲያቅተው ነው።

ቡናን ለምሳሌ እንውሰድ። ቡና ማፍላት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ውኃ መጣድ፣ መጨመር፣ ማስከን፣ መቅዳት የሚባሉ ተከታታይ ሥራዎች አሉት። አርባ ዓመት ቡና ያፈሉ እናት አንድ ቀን ረከቦቱን የት እንዳስቀመጡ ቢረሱ አያስደነግጥም። ጥሬውን ቡና ሳይቆሉ ወደ ሙቀጫ ቢጨምሩ፣ አቦል ጠጥተን ሳንጨርስ ቡና ገና አልተፈላም ብለው ጀበናውን እንደገና ቢጥዱ፣ ይህም እየተደጋገመ ቢመጣ ግን ቤተሰቡ ልብ ሊለው ይገባል። የሚታየው ለውጥ ነው፤ ትናንት የሚችሉት ዛሬ ሲያቅታቸው ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አንድን ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት መደጋገም፣ በሚያውቁት ሰፈር መጥፋት፣ የገንዘብ ቁጥር መሳት፣ ቀንና ወቅት ማደባለቅ፣ የነገሮች ስም መጥፋት፣ ጠባይ መለወጥ፣ ከሰው መሸሽ፣ ያለ ምክንያት ሰውን መጠርጠር።

2. በሽታው ምን ያህል ሰፊ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎች ይጨመራሉ። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚባለው ስለዚህ ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 አማካይ የሕይወት ዘመን ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ሰው ረዥም ዕድሜ ሲኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን በዕድሜ የሚመጣውም በሽታ አብሮ ይበዛል። አያቶቻችን ያላዩትን በሽታ እኛ እያየን ያለነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

3. መንስኤዎቹ

የሰው አንጎል ክብደቱ ከ1 ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ ከሰውነታችን 2 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው እሱ ነው። የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ እናስባለን፣ እናስታውሳለን። ሴሎቹ ሲሞቱ ወይም ግንኙነታቸው ሲበጠስ የመርሳት በሽታ ይመጣል። የሚሞቱበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው።

ሀ) አልዛይመር። ከታማሚዎቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በዚህ የተያዙ ናቸው። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት አንዲት የ51 ዓመት ሴት ታማሚ ተቀበለ፤ ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሴሎቹ መካከል የተከማቸ ባዕድ ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥም የተቋጠረ ክር መሰል ነገር አገኘ። የመጀመሪያው አሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች መሆናቸው ዛሬ ታውቋል። ልብ በሉ፦ ይህች ታማሚ አሮጊት አልነበረችም። በሽታው በአብዛኛው የሚመጣው ከ65 ዓመት በኋላ ቢሆንም እርጅና ራሱ አለመሆኑን የመጀመሪያዋ ታማሚ ታስረዳናለች። አልዛይመር ቀስ ብሎ ይጀምራል። የቅርቡን መጀመሪያ ይወስዳል፣ የሩቁን ለመጨረሻ ያቆያል። ጠዋት የበሉትን የማያስታውሱ አያት የሠርጋቸውን ቀን በዝርዝር የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለ) ከደም ሥር ጉዳት የሚመጣ። ስትሮክ ወይም ለብዙ ዓመታት ያልታከመ የደም ግፊትና ስኳር ወደ አንጎል የሚሄዱትን ደም ሥሮች ይጎዳል። ደም ያላገኘ የአንጎል ክፍል ይሞታል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ እንደ ደረጃ ይወርዳል፤ ባለበት ይቆይና አንድ ቀን በድንገት ይብሳል። ከሁሉም ይልቅ መከላከል የሚቻለውም ይኸው ነው።

ሐ) ሌሎች ዓይነቶች። ሌዊ ቦዲ በሚባለው ታማሚው የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ያያል፤ እንደ ፓርኪንሰን ሰውነቱ ይገተራል፤ አንድ ቀን ደህና ሌላ ቀን የባሰ ይሆናል። የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚያጠቃው ደግሞ ከማስታወስ በፊት ጠባይን ወይም ንግግርን ያበላሻል፤ ጨዋ የነበረ ሰው ነውር መናገር ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሰው «መንፈስ ያዘው» ወይም «ባለገ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን በሽታ ነው።

መ) የመርሳት በሽታ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሊታከሙ የሚችሉ። ይህን ክፍል አስምሩበት። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ ከባድ ድባቴ፣ ከመውደቅ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ሰውን የረሳ ያስመስላሉ። ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ዓመቱን ሙሉ በጾም ወይም በችግር ከእነዚህ የራቁ፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰዱ አረጋውያን ሊያጥራቸው ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመርፌ ወይም በኪኒን ይተካል። «ጃጁ» ተብሎ የተተወ ሰው በአንድ የደም ምርመራ ሊመለስ ይችል የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል።

4. በድንገት ከሆነ አትጠብቁ

አልዛይመር በወራትና በዓመታት እንጂ በአንድ ቀን አይመጣም። ትናንት ደህና የነበሩ አያት ዛሬ የት እንዳሉ ካላወቁ፣ ከቀባዠሩ፣ ከመጠን በላይ ካንቀላፉ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም መውጣት፣ ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። በጅቡቲ በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኻምሲን ሲነፍስ ጎልማሳውንም ያደክማል። አረጋውያን ደግሞ ጥማት ቶሎ አይሰማቸውም። ስለዚህ «ውኃ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ብርጭቆውን በእጃቸው ስጡ፣ በየሰዓቱም አስታውሱ። ልብ ወይም ኩላሊት የታመሙ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከከዳ፣ ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ስትሮክ ነው፤ ያኔ አንድ ደቂቃ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

5. መከላከል ይቻላልን?

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ሁሉም ቢስተካከሉ ከዓለም የመርሳት በሽታ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። አሥራ አራቱ እነዚህ ናቸው፦ በልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የመስማት ችግር፣ የኮሌስትሮል ብዛት፣ ድባቴ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ መጠጥ ማብዛት፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት፣ ያልታከመ የማየት ችግር።

ይህን ዝርዝር ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ፔካ 12 የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያርፉበት መንደር ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን በጫት ነቅቶ፣ ሲጋራ እያጨሰ የሚኖር አባት ዛሬ ጤነኛ ቢመስልም ደም ሥሩ ሒሳቡን እየያዘ ነው። ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። አባቶቻችን ግፊታቸውን ይለኩ፤ የታዘዘ መድኃኒት ካለም «ተሽሎኛል» ብለው አያቋርጡ። የአያታችን ዓይን ሞራ ከለበሰ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ጆሯቸው ኩክ ደፍኖት ከሆነ በጤና ጣቢያ ይጸዳል። የማይሰማና የማያይ ሰው ከጨዋታ ይወጣል፤ ከጨዋታ የወጣ አንጎል ደግሞ ይዳከማል።

ተመራማሪዎች በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ለዓመታት አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመው ነበር። በየዓመቱ አዲስ በበሽታው የሚያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ ነው፤ አኗኗራቸው ግን ይለያያል። ዘር ብቻውን ዕጣ ፈንታን አይወስንም ማለት ነው።

ከአሥራ አራቱ መካከል ትምህርት ቤትን የሚመለከተው የመጀመሪያው ነው። በልጅነት የተማረ አንጎል ብዙ መገናኛዎችን ስለሚያበጅ በእርጅና ጊዜ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ያልፋል። ትምህርት ለአእምሮ ስንቅ ነው። ዛሬ ከክፍል የሚቀር ልጅ የዛሬውን ትምህርት ብቻ ሳይሆን የሰባ ዓመት ስንቁንም ያጎድላል።

6. በቤት ውስጥ እንዴት እንያዛቸው?

አትፈትኗቸው። ልጆች «አያቴ፣ እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ማለት ይወዳሉ። ይህ ለታማሚው ሁልጊዜ የሚወድቅበት ፈተና ነው። ይልቁንስ ፊት ለፊት ቀርባችሁ፣ ዓይናቸውን አይታችሁ፣ «እማማ፣ ሜሮን ነኝ፣ የልጅዎ ልጅ። ከትምህርት ቤት መጣሁ» በሉ። አጭር አረፍተ ነገር፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር፣ ከዚያ መጠበቅ።

አትሟገቱ። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» ሲሉ «እናትዎ ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው» ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። «ቤትዎ እንዴት ነበር? ጓሮው ውስጥ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ ቤቱን ሳይሆን በዚያ የነበራቸውን ሰላም ነው። «ገንዘቤን ከመቀነቴ ሰረቃችሁኝ» ሲሉም አትቆጡ፤ አብራችሁ ፈልጉ። ምራትም ሆነች የቤት ሠራተኛ ይህ ክስ ከበሽታው የመጣ መሆኑን አስቀድማ ትወቅ።

ሥራ አትንፈጓቸው። ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ ጥጥ መፍተል ይችሉ ይሆናል። ቢበላሽም ግድ የለም። ቀኑ ሥርዓት ይኑረው፤ ምግቡ፣ ገላ መታጠቡ፣ ቡናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። በልጅነት የተማሩት ጸሎትና ዜማ ብዙ ጊዜ ከሌላው ሁሉ በኋላ ይቆያል። ስማቸውን የረሱ እናት ውዳሴ ማርያምን፣ ስማቸውን የረሱ አባት ፋቲሓን ሳይሳሳቱ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ አብራችኋቸው ሁኑ።

ቋንቋቸውን ጠብቁላቸው። ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ታማሚዎች ዘንድ ዘግይቶ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሲደክም ይታያል። በድሬዳዋ ምድር ባቡር በፈረንሳይኛ ሲሠሩ የኖሩ፣ በጅቡቲ ገበያ በሶማሊኛና በዓረብኛ ሲነግዱ ያረጁ ሰው መጨረሻ ላይ የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ሊቀራቸው ይችላል። ያን ጊዜ የሚያነጋግራቸው የልጅ ልጅ ከሌለ በቤታቸው ውስጥ ባዕድ ይሆናሉ። ወላጆች «ጅቡቲ እየኖርን አማርኛ ለልጄ ምን ይሠራለታል?» ብለው ሲጠይቁኝ ከምሰጣቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው። በቤቱ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም ሌላ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ልጁ የአያቱን ቋንቋ ይወቅ።

ከአደጋ ጠብቁ። ሰፈራችን ከዋናው የኢትዮጵያ መንገድ ዳር ነው፤ መኪኖቹ ከባድ ናቸው፣ ፍሬናቸውም ቶሎ አይዝም። ታማሚው ብቻውን እንዳይወጣ በሩን አስቡበት፤ ጎረቤቱና ባለሱቁ ያውቁ ዘንድ ንገሩ። በነጠላቸው ጥለት ወይም በልብሳቸው ውስጥ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ስፉ፤ የቅርብ ፎቶግራፋቸው በእጃችሁ ይኑር። ምድጃ፣ ከሰልና መድኃኒት በማይደርሱበት ይቀመጥ። ማታ ማታ ግራ መጋባቱ ስለሚብስ አነስተኛ መብራት ይብራ። ሰውን ማሰር ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም፤ ያቆስላል፣ ያስፈራል፣ በሽታውንም ያብሳል።

7. ወደ ሐኪም ስንሄድ

ከጤና ጣቢያ ጀምሮ እስከ ፔልቲየ ሆስፒታል የሚሠራበት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ የምትማሩ ተማሪዎች እዚህ ላይ ለቤተሰባችሁ ትልቅ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። በአንድ ገጽ ጻፉ፦ መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ምን ምን አቃታቸው? ወድቀው ያውቃሉ? ግፊት ወይም ስኳር አለባቸው? የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በከረጢት ያዙ። የደም ምርመራ ይደረግ እንደሆነ ጠይቁ።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለአንዳንዶች ምልክቱን ለጊዜው ያቀላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላሉ ብቻ በሽታውን በጥቂቱ ያዘገያል፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ስለዚህ «ፈጽሞ የሚያድን አለኝ» የሚል ሻጭ ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። ፀበል የሚጠመቁ ይጠመቁ፣ ዱዓ የሚያስደርጉም ያስደርጉ፤ ነገር ግን በሐኪም የታዘዘውን ኪኒን ስለ ጸሎት ብለው አያቋርጡ። ለታመሙና ለደከሙ አረጋውያን ጾምን በተመለከተም የነፍስ አባትን ወይም ሼኩን ማማከር ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ርኅራኄ አላቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና፣ በአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ የአእምሮ ሕክምና እንደሚሰጥ እወቁ። ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ የሚረዳው በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያም ከመንገድ የተነሡ ስንት እናቶችና አባቶች በፍቅር እንደሚያዙ አሳይቶናል።

8. አስታማሚውስ?

ማስታመም ያደክማል። ሌሊት አያስተኛም፣ ትዕግሥት ይጨርሳል፣ ገንዘብ ይበላል። ሸክሙ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ሰው፣ በተለይም በአንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እንደ ርእሰ መምህር ለወላጆች በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። አያትን ለመጠበቅ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አንድን አንጎል ለማስታመም ሌላውን ማስራብ ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ቤተሰቡ ተቀምጦ ተራ ያውጣ፤ ወንዶች ልጆችም በተራው ይግቡ። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ በሕይወት ላለ ታማሚ በሳምንት አንድ ከሰዓት ጠባቂ ቢመድብ አስታማሚዋ ትተኛለች፣ ተማሪዋም ታጠናለች። ችግር ያለበት ተማሪ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ይንገር፤ ማፈር አያስፈልግም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

መስከረም 11 ቀን (ሴፕቴምበር 21) የዓለም የአልዛይመር ቀን ነው። የአዲሱ ዓመት ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ስለሚውል፣ በዚያ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ካሉ አረጋውያን አንዱን ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ አደራ እላለሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተለመደው የእርጅና መዘንጋትና በመርሳት በሽታ መካከል ያለውን ልዩነት ከቤታችሁ ሥራ ምሳሌ ወስዳችሁ አስረዱ።
2. ከአሥራ አራቱ ምክንያቶች በሰፈራችን ጎልተው የሚታዩት የትኞቹ ናቸው? በዚህ ዓመት ቤተሰባችሁ አንዱን ለመለወጥ ምን ሊያደርግ ይችላል?
3. አያታችሁ በአንድ ሌሊት ግራ ቢጋቡ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎቻችሁ ምን ይሆናሉ?
4. ለሐኪም የሚሰጠውን የአንድ ገጽ ማስታወሻ በአማርኛና በፈረንሳይኛ አዘጋጁ።
5. በቤታችሁ የማስታመም ተራ ማውጣት ቢያስፈልግ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚሠራ በሠንጠረዥ አሳዩ። የተማሪው የጥናት ሰዓት እንዳይነካ አድርጉ።